ቅቤው የሚገባበት ሰዓት

መስከረም ሲጋመስ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ለሀዲያው በዓል ለያሆዴ አገሩ በሚገባ ሰው ይሞላል። ወደ ከምባታ የሚያልፈውም ለከምባታው በዓል ለመሳላ ዱራሜ፣ አንጋጫ ወይም ዶዮገና ይወርዳል። ከተጓዦቹ አንዱ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ትቶ ከተክል የተገኘ ምግብ ብቻ የሚበላ ቢሆን ብዙዎች «በበዓል ጦሙን ሊያድር ነው» ብለው ያዝኑለታል። ሐዘናቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግምታቸው ግን ልክ አይደለም።

የሀዲያና የከምባታ ገበታ መሠረቱ እንሰት ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ዌሳ ይባላል። እንሰት የሙዝ ዘመድ ቢሆንም የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ሴቶች ግንዱን ይፍቁታል። ሲጨመቅ ከወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ይሆናል። የተፋቀው ደግሞ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላና ቆጮ ሆኖ ይጋገራል። ሥሩ ተቀቅሎ ሲቀርብ አምቾ ነው። እስከዚህ ድረስ ከእንስሳ የመጣ ነገር አልገባበትም።

ቅቤው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቡላው ከወተትና ከቅቤ ጋር ሲበስል የያሆዴው አታካና ይሆናል፤ ጎመኑ በቅቤ ይለወሳል፤ ቆጮው ከክትፎና ከአይብ ጋር ይቀርባል። ለዚህ ቀን ወንዶቹ ለሠንጋ ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ሴቶቹ ቅቤ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። የዘወትሩ ምግብ ተክል ነው፤ በዓል የሚያሰኘው ከላዩ የሚጨመረው ነው።

በሌላው የአገራችን ክፍል ለዚህ ሰው «የጾም አለ?» የሚለው ጥያቄ ይበቃው ነበር። በሆሳዕና ምግብ ቤቶችም ረቡዕና ዓርብ ያግዘዋል። በሰው ቤት ግን ላያስኬደው ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በሀዲያም በከምባታም አብላጫው ነዋሪ ፕሮቴስታንት ነው፤ ስለዚህ በብዙ ቤት የፍስክና የጾም ድስት አይለይም። የፍልሰታ ጾምም ነሐሴ 15 ቀን አልቋል። የሚሻለው «የጾም» ማለት ሳይሆን «ቅቤ፣ ወተትና አይብ ሳይገባበት» ብሎ መናገር ነው። የሚነገርበትም ሰዓት ድስቱ ከመጣዱ በፊት እንጂ ገበታው ከቀረበ በኋላ አይደለም። በበዓል ቀን የቀረበን መመለስ እናትን ያሳዝናል፤ አስቀድሞ የነገራትን ልጅ ግን ጎመኑን በዘይት ለይታ ትሠራለታለች።

ሁለተኛው ጉዳይ የጤና ነው። ቆጮም ቡላም ጉልበት ይሰጣሉ፤ የፕሮቲን መጠናቸው ግን በጣም አነስተኛ ነው። የአገሩ ሰው ይህን ጉድለት የሚሞላው በወተት፣ በአይብ፣ በጎመንና በጥራጥሬ ነው። ወተቱንና አይቡን የተወ ሰው ጥራጥሬውን ማብዛት አለበት፤ በደጋው የሚበቅሉት ባቄላና አተር ለዚህ የተመቹ ናቸው። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእንሰትም ከባቄላም አይገኝም። ጤነኛ አዋቂ በጉበቱ ያጠራቀመው ስላለ ለጥቂት ሳምንታት አይቸገርም፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሚበላ ሰው፣ በተለይም ነፍሰ ጡርና ሕፃን፣ ከሐኪም ጋር ተማክረው በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለባቸው።

እንግዳው አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበል። እንሰት የሚያድገው በከብት ፍግ ነው፤ ከብቱም በደረቅ ወራት የእንሰት ቅጠል ይበላል። ጓሮውና በረቱ እርስ በርስ ስለሚመጋገቡ፣ ከሳህኑ ከብትን ያራቀ ሰው እንኳ የሚበላው ቆጮ የከብት ውለታ አለበት። ይህን የተረዳ እንግዳ ቅቤውን ቢተውም ቅቤውን ያጠራቀሙትን እጆች አይንቅም።

ስለዚህ በያሆዴ ወይም በመሳላ አገርህ የምትገባ ወንድሜ፣ የምትገቢ እኅቴ፦ ፍላጎታችሁን በዋዜማው ተናገሩ፤ ባቄላና አተሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ግቡ፤ አምቾውንና ቆጮውን ከሁሉም ጋር ከአንድ ገበታ ብሉ።