ፊቱን የማናውቀው ሰው ምክር ዋጋው ስንት ነው?

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ገዢና ሻጭን ሲያገናኝ የኖረው ደላላ ነው፡፡ ደላላው ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ነገር ቢበላሽ ግን የሚውልበት ካፌ ይታወቃል፤ አማላጅ ተልኮም ይጠየቃል፡፡ በቅርብ ዓመታት ከደላላው ጎን ሌላ መካሪ ተጨምሯል፡፡ ይህ መካሪ የሚገኘው በእጅ ስልክ ላይ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው፡፡ ኮሚሽን አይጠይቅም፡፡ ሆኖም የሚውልበት ቦታ ቀርቶ እውነተኛ ስሙም የማይታወቅበት ጊዜ አለ፡፡

ታዲያ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር በሚንቀሳቀስበት ገበያ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ያህል ማመን ይገባል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጥያቄውን እንዲያነሳ ያደረገው በገዛ ቤተሰቡ የደረሰ ጉዳይ ነው፡፡

መኪናው ከመካኒኩ ሲቀድም

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ የገዢው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል፡፡ ይሁንና መኪናው የገባው ከመካኒኩ ቀድሞ ነው፡፡ ለቻይና ገበያ ተሠርተው ከመጡት መካከል ስክሪናቸው በቻይንኛ የሚጽፍ፣ የቻርጅ መሰኪያቸውም ከአውሮፓው ጋር የማይገጥም አሉ፡፡ በአንድ ቻርጅ ይጓዛሉ ተብሎ የሚነገርላቸው ኪሎ ሜትርም ሲ.ኤል.ቲ.ሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተሰላ በመሆኑ በመንገድ ላይ ከሚገኘው ከፍ ያለ ነው፡፡

በመሆኑም ባለመኪናው ባለመኪናን መጠየቅ ጀመረ፡፡ በየግሩፑ የሚነሳው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የዕለት ተዕለት ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወርዱ ባትሪው ይተርፋል፤ ዳገቱን ይዘው ሲመለሱ ግን ይበላል፡፡ ስለሆነም የመልሱን ጉዞ በወረዱበት ልክ ማስላት አያዋጣም፡፡ ይህን መሰሉን ነገር የሻጩ ብሮሹር አይነግርም፡፡ የሚያውቀው የሄደበት ሰው ነው፡፡

ያዳነ ምክር

አጎቴ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዙ ብዙም ሳይቆዩ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ ወር ያህል ወደ ክፍለ ሀገር ወጡ፡፡ ሲመለሱ መኪናው በሩም አልከፈት፣ ስክሪኑም አልበራ አለ፡፡ የተጠራው ባለሙያ ዋናው ባትሪ ሳይሞት እንዳልቀረ ነግሯቸው መኪናው በክሬን ወደ ጋራዥ እንዲወሰድ መከረ፡፡ ለጥገናው የተገመተው ገንዘብ አንድ አነስተኛ ሱቅ ለመክፈት የሚበቃ ነበር፡፡

እርሳቸው ክሬኑን ከመጥራታቸው በፊት ጉዳዩን ግሩፑ ላይ ጻፍኩላቸው፡፡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ የሰጠው አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ እንደሚኖርና በኤሌክትሪክ መኪና ሰው እያመላለሰ እንደሚተዳደር የገለጸ ሰው ነው፡፡ ከዚያ በፊት አነጋግሬው አላውቅም፡፡ በመጀመሪያ መልስ ሳይሆን ጥያቄ አቀረበ፡፡ መኪናው ስንት ቀን ቆመ? ካሜራ ወይም ጂ.ፒ.ኤስ. ተገጥሞለታል? አንድም መብራት አይታይም?

ካሜራ መገጠሙን ስንነግረው ጥርጣሬውን አስረዳን፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፡፡ የበሩን ቁልፍና ኮምፒዩተሩን የሚያሠራው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውንም ማብሪያ የሚያንቀሳቅሰው ይህ ትንሹ ነው፡፡ ቆሞ ሳለ ካሜራው ትንሹን ከጨረሰው፣ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም፡፡ ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ግን በፍጹም እንዳንነካ አስጠነቀቀን፤ ከፍተኛ ኃይል የሚያልፈው በዚያ ነውና፡፡ ይህ ካልሠራ ግምቱ ስህተት ስለሆነ መኪናውን ወደ ጋራዥ እንድንወስደው ነገረን፡፡

በሩን በመጠባበቂያው ቁልፍ ከፍተን፣ ኮፈኑን አንስተን ትንሹን ባትሪ ቻርጅ አደረግን፡፡ በዚያው ዕለት ማምሻውን መኪናው ተነሳ፡፡ ወጪው ለክሬኑ ከሚከፈለው ያነሰ ነበር፡፡

ሊያከስር የነበረ ምክር

ወቅቱ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ቀጥሎ ያለው ነበር፡፡ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ፡፡ አጎቴ በቨርጂኒያው ሰው ምክር ተደስተው ስለነበር በዚያው ግሩፕ ላይ መኪናውን ቢሸጡ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስጠየቁኝ፡፡

አሁንም መልስ አልዘገየም፡፡ አዳዲስ መኪኖች በብዛት ሊገቡ ስለሆነ ዋጋው እንደሚወድቅና በሳምንቱ ውስጥ መሸጥ እንዳለባቸው አንድ ሌላ አባል በእርግጠኝነት ጻፈ፡፡ ወዲያውም በውስጥ መስመር ገዢ እንዳለው ነገረኝ፡፡ አጎቴ ሊብሬውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ እስከ ማስቀመጥ ደረሱ፡፡

እኔ ነቢይ ስላልሆንኩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፡፡ በዚህ ገንዘብ ያንኑ መኪና መልሰው ማስመጣት ይችላሉ? የሚመጣው በዶላር ነው፤ ዶላሩ ደግሞ በየዕለቱ እየወጣ ነው፡፡ ሒሳቡን ስንሠራው አልገጠመም፡፡ የመካሪውን ስልክ ቁጥር ስንመለከት ደግሞ "የኤሌክትሪክ መኪና በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን" በሚል ማስታወቂያ ላይ አገኘነው፡፡ ሽያጩ ቀረ፡፡ ከሁለት ወር በኋላ በተባለው ዋጋ ተመሳሳይ መኪና የሚያቀርብ አልተገኘም፡፡

ምሁራኑ ምን ይላሉ?

ግሩፑ ያው ነው፤ ሁለቱም መካሪዎች በአካል አይታወቁም፡፡ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ማርክ ግራኖቬተር የተባሉት አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ በቦስተን አካባቢ በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ ሰዎችን ተመልክተዋል፡፡ ወሬውን የነገራቸውን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፡፡ የተቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ነገር የሚመጣው ከሩቁ ነው፡፡ በእኛ ሰፈር ስለ ትንሹ ባትሪ የሚያውቅ አልነበረም፡፡

በሌላ በኩል ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፉት ጥናት አንደኛው ወገን የሚያውቀውን ሌላው በማያውቅበት ቦታ ገበያው እንደሚበላሽ አሳይተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ምሁራን ጋር የተጋሩት በዚህ መስክ ባበረከቱት ሥራ ነው፡፡ የዋጋ መካሪያችን ገዢ መሆኑን ያውቃል፤ እኛ አናውቅም፡፡

ለነጋዴው የሚጠቅመው

ከዚህ አንፃር ምክር ከመቀበል በፊት ሁለት ጥያቄ ማንሳት ይበጃል፡፡ አንደኛ፣ ገንዘቤ ከእጄ ሳይወጣ ምክሩን ልፈትነው እችላለሁ? የባትሪው ምክር በአንድ ምሽት ተፈተነ፡፡ የዋጋው ምክር ግን የሚፈተነው ሊብሬው ከተዛወረ በኋላ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ የተባልኩትን ባደርግ መካሪው ምን ያገኛል? የቨርጂኒያው ሰው ያገኘው "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ነው፡፡

አነጋገራቸውም ይለያል፡፡ የመጀመሪያው ከመመለሱ በፊት ጠየቀ፤ ቢሳሳት ምን ማድረግ እንዳለብንም ነገረን፡፡ ሁለተኛው አንድም ነገር ሳይጠይቅ አጣደፈ፡፡ የሚያጣድፍ መካሪ ሲያጋጥም ስልኩን አስቀምጦ ማደር አይጎዳም፡፡

ግሩፑን ጥሎ መውጣት ግን መፍትሔ አይደለም፡፡ ደላላውም ቢሆን የራሱ ጥቅም አለው፤ ልዩነቱ ጥቅሙ ኮሚሽን ተብሎ በግልጽ መታወቁ ነው፡፡ አጎቴ ዛሬም ከግሩፑ አልወጡም፡፡ እንዲያውም መኪና አቁሞ የሚሄድ አባል ሲያዩ ካሜራውን እንዲነቅል የሚመክሩት እርሳቸው ሆነዋል፡፡ የዋጋ ጥያቄ ሲነሳ ግን ዝም ይላሉ፡፡