ለአነስተኛ የኪራይ አፓርትመንት የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) እንዴት እንምረጥ?

በአሜሪካ ሰመር በመጣ ቁጥር በብዙ ወገኖቻችን ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ኤሲ እንግዛ ወይስ በፋን እንለፈው? ብንገዛስ የትኛውን? በተለይ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ በአትላንታና በሂውስተን ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ የአዲስ አበባን አየር ለለመደ ሰው ይከብዳል። ብዙዎቻችን የምንኖረው በትንሽ የኪራይ አፓርትመንት በመሆኑ ግድግዳ በስቶ ትልቅ መሣሪያ ማስገጠም አይቻለንም። ምርጫችን ውስን ነው፤ ውስን ስለሆነም በማስተዋል መምረጥ ይገባናል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በጁላይ ወር በቺካጎ ከተማ በደረሰው ኃይለኛ ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ አረጋውያን፣ ብቻቸውን የሚኖሩና ኤሲ የሌላቸው ነበሩ። ዛሬ በየቤታችን አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ሊጠብቁ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። እኛ ሥራ ውለን እስክንመለስ ድረስ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚውሉት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. ከመግዛት በፊት ውሉን ማንበብ

የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ሱቅ መሄድ ሳይሆን የኪራይ ውሉን (ሊዙን) አውጥቶ ማንበብ ነው። በውሉ ውስጥ በመስኮት ላይ ኤሲ ማስቀመጥ መፈቀዱን፣ የመብራት ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ኤሲው ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ይፈልጉ። አንዳንድ ሕንፃዎች ከመስኮት ውጭ የሚወጣ ዕቃ ፈጽሞ አይፈቅዱም።

የምንኖርበት አካባቢ ሕግም አለ። ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሕግ፣ አከራዮች ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ቤቱ ከ80 ዲግሪ ፋራናይት (ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) እንዳይበልጥ የሚያደርግ ማቀዝቀዣ እንዲያቀርቡ ያዛል። ሕጉ የሚመለከታቸውና የማይመለከታቸው ቤቶች ስላሉ የካውንቲውን የቤቶች ቢሮ መጠየቅ ይበጃል። አከራዩ ሊያቀርብልን የሚገባውን ዕቃ በራሳችን ገንዘብ መግዛት አያስፈልግም። ያለው ኤሲ ከተበላሸም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማመልከትና የጻፍነውን ቅጂ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

2. የኤሲ ዋና ሥራ ምንድን ነው?

ዊሊስ ካሪየር የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈው ለሰው ምቾት አልነበረም። በኒውዮርክ ብሩክሊን የነበረ አንድ ማተሚያ ቤት በአየሩ እርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየተኮማተረና እየሰፋ ስላስቸገረው ነበር። ይህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ኤሲ ሙቀትን ብቻ ሳይሆን እርጥበትንም ከቤት ያወጣል። ሙቀቱን ከውስጥ ወስዶ ወደ ውጭ ይጥለዋል እንጂ ከምንም አዲስ ቅዝቃዜ አይፈጥርም።

ስለዚህ ሞቃት አየር የሚያስወጣበት ቱቦ ወይም ወደ ውጭ የሚወጣ ጀርባ የሌለው ዕቃ ኤሲ አይደለም። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ፣ ውሃ ወይም በረዶ የሚሞላባቸው ትንንሽ ዕቃዎች አየሩን በውሃ የሚያረጥቡ ናቸው። በላስ ቬጋስና በዴንቨር ባለው ደረቅ አየር ይህ ዓይነቱ አሠራር በትልቅ መሣሪያ ሲሆን ይሠራል። በዲሲና በአትላንታ ግን በእርጥበት ላይ እርጥበት መጨመር ነው።

3. ስንት ቢ.ቲ.ዩ. ያስፈልገናል?

የኤሲ ጉልበት የሚለካው በቢ.ቲ.ዩ. ነው። የክፍሉን ርዝመትና ወርድ በፊት ለክተን ስናባዛ ስፋቱን በስኩዌር ፊት እናገኛለን። ከዚያም በተለመደው መመሪያ፦

- ከ100 እስከ 150 ስኩዌር ፊት፦ 5000 ቢ.ቲ.ዩ.
- ከ150 እስከ 250፦ 6000
- ከ250 እስከ 300፦ 7000
- ከ300 እስከ 350፦ 8000
- ከ350 እስከ 400፦ 9000
- ከ400 እስከ 450፦ 10000
- ከ450 እስከ 550፦ 12000

ክፍሉ ብዙ ፀሐይ የሚገባበት ከሆነ 10 በመቶ ይጨመራል፤ ጥላ ከሆነ 10 በመቶ ይቀነሳል። በክፍሉ ውስጥ ዘወትር ከሁለት ሰው በላይ ካለ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 ይጨመራል። ኤሲው በወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 4000 ይጨመራል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሳሎኑ 12 በ20 ፊት ቢሆን 240 ስኩዌር ፊት ነው፤ 6000 ቢ.ቲ.ዩ. ይበቃዋል። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ከሆነ 600 ሲጨመር 6600 ይሆናል። አራት ሰው የሚኖርበት ከሆነ ለሁለቱ ተጨማሪ ሰዎች 1200 ሲጨመር 7800 ይደርሳል። ስለዚህ 8000 ቢ.ቲ.ዩ. ይገዛል።

«ትልቁን ብገዛ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙዎችን ያሳስታል። ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ኤሲ ክፍሉን በፍጥነት አቀዝቅዞ እርጥበቱን ሳያወጣ ይጠፋል። ቤቱ ቀዝቃዛ ግን ረጠብ ያለ ይሆናል፤ ለሻጋታም ይመቻል። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ሰው የሚሰበሰብበት የቤት ኅብረት ካለ ለዚያ ለአንድ ምሽት ብለን ትልቅ አንግዛ። ይልቅስ እንግዶች ከመድረሳቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ኤሲውን አብርቶ ክፍሉን አስቀድሞ ማቀዝቀዝና ፋን መጨመር ይበቃል።

4. የመስኮት ወይስ ተንቀሳቃሽ?

የመስኮት ኤሲ በዋጋም በመብራት ፍጆታም የተሻለ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ የተሠሩት ወደ ላይ ለሚከፈት መስኮት ነው። መስኮታችሁ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ጠባብና ረጅም ዓይነት መፈለግ አለበት። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የመስኮቱን ክፍት ወርድና ቁመት በኢንች ለክቶ መጻፍ ግድ ነው። ዕቃው ከባድ ስለሆነ ሲገጠም ሁለት ሰው ይሁን። ከፎቅ ላይ ቢወድቅ የሰው ሕይወት ያጠፋል፤ ስለዚህ ደጋፊ ብረት ያስፈልገው እንደሆነ የፋብሪካውን መመሪያና አከራዩን ጠይቁ። ውሃው በትክክል እንዲወርድ ፋብሪካው ያዘዘውን ዘንበል መጠበቅም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ማይዲያ የተባለው ኩባንያ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ የ«ዩ» ቅርጽ ያላቸው የመስኮት ኤሲዎቹን ለማስተካከል የጠራው ውሃ በውስጣቸው ተጠራቅሞ ሻጋታ ሊያበቅል ስለሚችል ነበር። ያገለገለ ኤሲ የምትገዙ ከሆነ ይህን አጣሩ።

ተንቀሳቃሽ ኤሲ ወለል ላይ ተቀምጦ በቱቦ ሞቃቱን አየር በመስኮት ያስወጣል። የመስኮት ኤሲ በተከለከለበት ሕንፃ መፍትሔ ነው። ችግሩ ግን ባለ አንድ ቱቦው ዓይነት የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ሲገፋ በምትኩ ሞቃት አየር በበርና በስንጥቅ ይገባል። ድምፁም ከእኛው ጋር በክፍሉ ውስጥ ነው። በካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ትልቁ የድሮው አለካክ ሲሆን ትንሹ «ኤስ.ኤ.ሲ.ሲ.» የሚባለው ለእውነታው የቀረበው ነው። በትልቁ 14000 የተጻፈበት በትንሹ 10000 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ስትመርጡ ትንሹን ቁጥር ተመልከቱ።

5. የመብራት ሒሳብና የምጣዱ ነገር

ወጪን አስቀድሞ መቁጠር ጥበብ ነው። 700 ዋት የሚወስድ ኤሲ በቀን 8 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ በወር 168 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም ቢሆን ወደ 29 ዶላር ማለት ነው። በዕቃው ላይ «ሲ.ኢ.ኢ.አር.» የሚል ቁጥር አለ፤ ከፍ ባለ መጠን ፍጆታው ያንሳል። ከላይ ባለው የሰዓትና የዋጋ ስሌት 8000 ቢ.ቲ.ዩ. ያለው ኤሲ ቁጥሩ 11 ከሆነና 15 ከሆነ በአራት ወር ውስጥ ልዩነቱ ወደ 32 ዶላር ይደርሳል። እንግዲህ ቆጣቢው በ100 ዶላር ቢበልጥ ከሦስት ሰመር በላይ ለሚጠቀምበት ያዋጣል። በሚቀጥለው ዓመት ቤት ለመቀየር ያሰበ ሰው ግን አዲሱ መስኮት ይህንኑ ዕቃ መቀበሉን ያስብበት።

በብዙ አፓርትመንቶች አንዱ የመብራት መስመር የሚሸከመው 15 አምፒር፣ ማለትም ወደ 1800 ዋት ነው። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ብዙውን ጊዜ 1500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ኤሲውና ምጣዱ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ 2200 ስለሚደርስ ብሬከሩ ይወርዳል። መፍትሔው በተለያየ መስመር መሰካት፣ አለዚያም እንጀራውን አየሩ ሳይሞቅ በማለዳ መጋገር ነው። ይህ ቤቱንም ከሙቀት ያሳርፋል። ኤሲን በተራ ኤክስቴንሽን መሰካት ግን እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ። ያገለገለ ስትገዙም ሶኪው ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ መኖሩን እዩ፤ በአሜሪካ ከ2004 ገደማ ወዲህ የተሠሩት ይህ መከላከያ አላቸው።

6. «ንፋስ ይመታኛል» ለሚሉ ወላጆች

ዕቃው ተገዝቶ ተገጥሞም ሥራ ላይ የማይውልበት ቤት አለ። እናቶቻችን ንፋስ እንዳይመታቸው፣ አባቶቻችን ደግሞ የልጃቸው ገንዘብ እንዳይባክን ብለው እኛ ከቤት ስንወጣ ያጠፉታል። በዚህ አንቆጣቸው፤ ይልቅስ ነገሩን እናመቻችላቸው። የኤሲው አፍ ወደ ላይ እንዲነፍስ ይደረግ፤ አልጋና ሶፋ ፊት ለፊቱ አይሁን። ወደ 78 ዲግሪ ፋራናይት (ወደ 26 ሴንቲግሬድ) ማድረግ ለጤና ይበቃል፤ ነጠላ ለብሶም ያስቀምጣል። ሒሳቡንም በቁጥር ንገሯቸው፤ በቀን ከአንድ ዶላር ብዙ እንደማይዘል ሲያውቁ ልባቸው ያርፋል።

ፋን ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። አየሩ ከ95 ዲግሪ ፋራናይት (35 ሴንቲግሬድ) ሲያልፍ ፋን የሚያመጣው ሞቃት አየር ነውና አረጋውያንን ከሙቀት ሕመም ላይጠብቅ ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች አደጋውን ይጨምራሉ። ሰው በሙቀት ውስጥ ሆኖ ንግግሩ ከተምታታ፣ ሰውነቱ ከተቃጠለ ወይም ራሱን ከሳተ ሳይዘገይ 911 መደወል ያስፈልጋል።

ኤሲ ለመግዛት ወይም ለመብራት የሚከፍሉት ላጡ ሰዎች «ላይሂፕ» የተባለው የፌዴራል መንግሥት የኃይል ድጋፍ በአንዳንድ ስቴቶች ለማቀዝቀዣም ይረዳል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ መሙላት ብዙ አረጋውያንን ያስቸግራል። እንግዲህ ቋንቋውን የምንችል ወገኖች ሙቀቱ ሳይመጣ አንድ ምሽት አብረናቸው ተቀምጠን ብንሞላላቸው፣ ሙቀቱ በበረታባቸው ቀናትም በቀን ሁለት ጊዜ ብንደውልላቸው ታላቅ ሥራ ነው። በቺካጎ ብዙዎቹ የሞቱት በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው አጥተው ጭምር ነበርና።