ከጉልበት ጋር የሚሳብ መለኪያ

እስክሪብቶና የልብስ ሰፊ ሜትር ያዘጋጁ። እግርዎን ዘርግተው፣ ከጉልበትዎ ሎሚ በላይና በታች፣ መካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሁለት ነጥቦች ያድርጉ። ከዚያ ጉልበትዎን እስከ መጨረሻው አጥፈው እንደገና ይለኩ። ከሰው ሰው ቢለያይም 13 ሴንቲ ሜትር ቢያገኙ አይደነቁ። ቆዳዎ 30 በመቶ ተለጥጧል ማለት ነው። እንቅስቃሴን የሚከታተል፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም ልብስ ላይ የሚሰፋ ሴንሰር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህን ቁጥር ነው።

መሳብን በኤሌክትሪክ መለካት የቆየ ጥበብ ነው። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ዊሊያም ቶምሰን፣ የብረት ሽቦ ሲሳብ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1856 አሳይቷል። በ1938 ኤድዋርድ ሲሞንስና አርተር ሩጅ የተባሉ አሜሪካውያን፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ በዕቃ ላይ የሚለጠፍ የሽቦ መለኪያ ሠሩ። ዝርያው ዛሬም በድልድዮችና በኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች ውስጥ ያገለግላል። ችግሩ ብረቱ ነው፤ ጥቂት በመቶ ከተሳበ ወይ ይበጠሳል ወይ እንደተሳበ ይቀራል። 30 በመቶማ አይታሰብም።

ፈሳሽ ግን አይበጠስም። ተመራማሪው አር. ጄ. ዊትኒ በ1953 ሜርኩሪ የሞላው ቀጭን የጎማ ቱቦ በእጅና በእግር ላይ ጠምጥሞ የአካሉን መጠን ለውጥ ለክቷል። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ዛሬ ቦታውን የጋሊየምና የኢንዲየም ቅይጥ ይዞታል፤ ቅይጡ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሰውነት ላይ ሲውል ፈሳሽ ነው። ሲሊኮን ጎማ ውስጥ በተቀረጸ ቀጭን ቦይ ይሞላል። ስሌቱ ደስ ይላል፦ ቦዩ 1.3 እጥፍ ሲረዝም ውስጡ ያለው ፈሳሽ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ በዚያው ልክ ይቀጥናል። መርዘሙም መቅጠኑም ተቃውሞውን ስለሚያሳድጉት 1.3 በ1.3 ይባዛል፤ 1.69 እጥፍ ይሆናል። ይህን ለውጥ ርካሽ ሰርኪዩትም ያነብበዋል።

ሌላው መንገድ የካርቦን ብናኝ ከጎማ ጋር ማዋሃድ ነው። ብናኞቹ ተነካክተው ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ ጎማው ሲሳብ ይራራቃሉ። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2016 ግራፊን የተባለውን የካርቦን ዓይነት ከልጆች መጫወቻ ሊጥ ጋር ቀላቅለው የትንሽ ሸረሪት እርምጃ እንኳ የሚያስታውቅ ሴንሰር አቅርበዋል።

ድንቅ ነው። እኔ ግን የዘርፉ ሰዎች ትንሿን ለውጥ እንኳ የሚሰማ ሴንሰር ለመሥራት የሚያደርጉት እሽቅድምድም ብዙ ጊዜ ያሳስታቸዋል እላለሁ። ጉልበት ሸረሪት አይደለም፤ ትልቅ እንቅስቃሴ ነው። ፈተናው መሳቡ ላይ ሳይሆን መመለሱ ላይ ነው። ካርቦን ያለበት ጎማ ሲለቀቅ ብናኞቹ ወዲያው ወደ ቦታቸው አይገቡም፤ እንዳረጀ የሱሪ ላስቲክ ይልፈሰፈሳል። ቁጭ ሲሉ በ60 ዲግሪ አንድ ቁጥር፣ ሲነሱ በዚያው 60 ዲግሪ ሌላ ቁጥር ያነብባል። የጉልበት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ታካሚ የሚከታተል ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ የሰኞው ቁጥር ከዓርቡ ጋር እንዲወዳደርለት ይፈልጋል።

ስለዚህ ለጉልበት ብመርጥ፣ በሁለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ጨርቆች መሐል ሲሊኮን ያለውን ዓይነት እመርጣለሁ። ሲሳብ ስፋቱ ይጨምራል፣ ሲሊኮኑ ይሳሳል፤ ቻርጅ የመያዝ አቅሙም ያድጋል። ለውጥን የመሰማት አቅሙ ዝቅተኛ ነው፤ 30 በመቶ ቢሳብ ለውጡም ያው 30 በመቶ ገደማ ነው። ግን ታማኝ ነው፤ በሄደበት መንገድ ይመለሳል። ላብና እርጥበት እንዳያታልሉት በደንብ መሸፈን አለበት።

ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚበላሹት ግን ለስላሳው ከጠንካራው ሽቦ ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ነው። እዚያ ላይ ሽቦውን እንደ እባብ አጣምሞ መዘርጋት ይረዳል፤ ሲሳብ ጥምዝምዙ ይፈታል እንጂ ብረቱ አይጎተትም። ሴንሰሩ የተሰፋበት የጉልበት ማሰሪያ በትንሹ ቢንሸራተትም ልኬቱ ይዛባል፤ በለበሱት ቁጥር እግርን ቀጥ አድርጎ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ አጥፎ ማስተካከል የግድ ነው።

እንዲህ ያለ የጉልበት ማሰሪያ ለመግዛት ካሰቡ ሻጩን «ምን ያህል ይሰማል?» አይበሉት። ሺህ ጊዜ ታጥፎና ታጥቦ እግሩ ሲዘረጋ ዜሮ ላይ ይመለስ እንደሆነ ይጠይቁት።