የቮልስ ሞተር ክንፍ ሲያወጣ

አስመላሽ ዘፈሩን ብዙዎቻችን ያወቅነው በ2007 ዓ.ም. ነው። በትምህርቱ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ በምኞቱ ግን አብራሪ የሆነ ወጣት በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠራ ተብሎ ተወራ። በአለማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ካጠና በኋላ የአየር መንገዱ አብራሪ ለመሆን አመልክቶ፣ ቁመቱ ከተፈለገው በአንድ ሴንቲ ሜትር ስላነሰ ሳይቀበሉት ቀሩ። እሱም አውሮፕላኑን ራሱ ሠራና ኬ-570ኤ አላት። «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ነው፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ብዛት። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ ሞተር ነበር።

እኔ የምኖረው ውቤ በረሃ ነው። በእኛ ጊዜ ከደጃች ውቤ ሰፈር እስከ ፒያሳ ቮልስ የመምህሩም፣ የጸሐፊውም፣ የሐኪሙም መኪና ነበረች፤ ማን እንደ መጣ በድምፅዋ እንለይ ነበር። በቅርቡ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ስንጠጣ፣ «ሲስተር፣ ይህ ልጄ አሮጌ የቮልስ ሞተር ግዙልኝ፣ አውሮፕላን እሠራበታለሁ ይላል። ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። በነርስነት ዘመኔ ብዙ ነገር ተጠይቄአለሁ፤ ሞተር ግን አልገጠመኝም ነበር። ነገሩን አንብቤ ስረዳው ግን ከሙያዬ ብዙም የራቀ አልሆነብኝም።

የመኪና ልብና የአውሮፕላን ልብ

መኪና ዳገት ሲወጣ ይለፋል፣ ሜዳ ላይ ይተነፍሳል፣ መብራት ላይ ቆሞ ያርፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከኃይሉ በትንሹ ነው። አውሮፕላን ላይ የገባ ሞተር ግን ለመነሣት ያለ የሌለ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ከተነሣም በኋላ ሦስት አራተኛ ያህሉን ሳያቋርጥ መስጠት አለበት። ቀኑን ሙሉ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ልብ ነው። መኪና ሞተሩ ቢጠፋ ዳር ይይዛል፤ ሰማይ ላይ ዳር የለም።

ታዲያ ቮልስ ለምን ተመረጠ? ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርና ውኃ አይፈልግም። ቀላል ነው። ፕሮፔለሩንም ያለ ማርሽ፣ በቀጥታ ማዞር ይችላል። በዚህ ምክንያት አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትናንሽ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ከመኪናው ፈቶ መግጠም ብቻ አይበቃም። ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ሲጎትት ክራንክ ሻፍቱንም ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ይህን ጉተታ የሚችል ኩሽኔታ ያስፈልጋል። ለአውሮፕላን በተሠሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ የእሳት መስጫውም ሁለት ነው። አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ያደርሳል። ፈጣሪ ኩላሊታችንን ሁለት ያደረገበትን ጥበብ መሐንዲሶቹም ደርሰውበታል ማለት ነው።

ፒስተን የሌለው ሞተር

በውጭ አገር አንዳንዶች የሚመርጡት የማዝዳ አርኤክስ-7 መኪና ሞተርን ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ያፈለቀው ዓይነት ሲሆን፣ ፒስተን የለውም። ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት በሞላላ ቤት ውስጥ እየተሽከረከረ ነዳጁን ያጭቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ተንቀሳቃሽ አካሉ ጥቂት ስለሆነ ብዙ አይንቀጠቀጥም፤ ለመጠኑም ብርቱ ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ኃይሉን የሚሰጠው በደቂቃ 6,000 ያህል ዙር ሲዞር ነው። ፕሮፔለር በዚያ ፍጥነት ቢዞር ጫፉ የድምፅን ፍጥነት ያልፍና ከመጎተት ይልቅ መጮህ ይሆናል ሥራው። ስለዚህ ዙሩን የሚቀንስ ማርሽ በመሐል ይገባል። ሙቀቱም ብዙ ነው፤ ለውኃውም ለዘይቱም በቂ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ነዳጅም ይወዳል።

የከፍታችን ፈተና

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከጅቡቲው በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ እንጦጦን ሲወጣ የሚያለከልከው ለዚህ ነው። የሰው አካል ብልህ ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሴሉን ጨምሮ ይለምደዋል። ሞተር ግን ደም አያበዛም። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ ካልተገጠመለት፣ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ ቢበዛ 30 ያህል ቢሰጥ ነው። ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚሠሩት በዚሁ ስስ አየር ስለሆነ ማኮብኮቢያው ይረዝማል፣ አወጣጡም ይዘገያል።

የአስመላሽ አውሮፕላን በ2007 ዓ.ም. ሲሞከር ከመሬት ሳይነሣ ቀረ። ያን ጊዜ የሳቀ አይጠፋም። እኔ ግን በ40 የፈረስ ጉልበት ከደጋ ምድር ለመነሣት መሞከር ምን ማለት እንደሆነ ከተረዳሁ ወዲህ ሥራውን የማየው በአክብሮት ነው።

በነርስ ስም የተጠራችው

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር «ፀሐይ» የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠርቶ አብርሯል። እሷ የመኪና ሳይሆን የአውሮፕላን ሞተር ነበራት፤ የቼኮዝሎቫኪያው የዋልተር ፋብሪካ ሥራ፣ 115 የፈረስ ጉልበት። ከቮልሱ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው! ጣሊያን ወርራን ወሰደቻት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳ ለኢትዮጵያ ተሰጠች።

ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ነው። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው የተመረቁ የሙያ እኅታችን ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ገና በወጣትነታቸው በወሊድ ምክንያት ዐረፉ።

ለወላጆች

ለጎረቤቴ የመለስኩትን ለእናንተም ልበል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ አትከልክሉት፤ ብቻውንም አትተዉት። የከለከላችሁት ልጅ ተደብቆ ይሠራል፤ አደጋም የሚመጣው በድብቅ ሲሠራ ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስነሣ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በክረምት ከከሰል ጋር ተኝተው የሚያድሩ ቤተሰቦችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማው ሥራውን ትቶ ወዲያውኑ ንጹሕ አየር ወዳለበት ይውጣ፤ ሕክምናም ያግኝ።

ሁለተኛ፣ ፕሮፔለር ሲዞር ለዓይን አይታይም፤ እጅ ግን ይቆርጣል። በፊት ለፊቱም በጎኑም ማንም አይቁም፤ ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። ሞተሩ በጠንካራ ብረት ላይ ታስሮ በቂ ሰዓት ሳይሠራና የልምድ ሰው ሳያየው ወደ አውሮፕላኑ አይሂድ።

ሦስተኛ፣ ለመብረር የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ልጁ ገና ከመነሻው ይወቅ።

አራተኛ፣ በወረቀት ይሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች 19 ነጥብ ያለው የማረጋገጫ ዝርዝር ሲያወጣ ልምዱን ከአብራሪዎች ወስዶ ነው። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው አይቶ «ተደርጓል» ይላል። ምንም ያህል ብታውቁ በቃል አይያዝም፤ ድካምና ጉጉት ያስረሳሉና። ልጃችሁ ሞተር ባስነሣ ቁጥር ዝርዝሩን የምታነቡለት እናንተ ሁኑ። መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ ከቻላችሁ ይበቃል።