መርከቦቹን የሰረዘው ሠዓሊ

የመልክዓ ምድር ሥዕል ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ተራራ፣ ወንዝና ለምለም መስክ ነው። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1810 የሠራው «መነኩሴው በባሕር ዳር» አንዱም የለበትም። ዛሬ በርሊን በሚገኘው አልተ ናሲዮናልጋለሪ ሙዚየም ተሰቅሏል።

ከታች ነጣ ያለ አሸዋ አለ። ቀጥሎ እንደ መቀነት የጠበበ ጥቁር ባሕር። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ፣ ከሸራው ከግማሽ የሚበልጠው፣ ሰማይ ነው፤ አድማሱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጉም ተኝቶበት ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል። አሸዋው ላይ ጥቁር የለበሰ አንድ መነኩሴ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። በጣም ትንሽ ነው።

ሥዕሉ በኢንፍራሬድ ሲመረመር ፍሪድሪሽ መጀመሪያ ባሕሩ ላይ መርከቦች ነድፎ እንደነበር ታይቷል። በኋላ ሰርዟቸዋል። የሥዕሉ ኃይል ያለው እዚህ ውሳኔ ላይ ይመስለኛል። መርከብ ካለ ዓይን ማረፊያ ያገኛል፤ ወዴት ይሄዳል፣ ማንን ጭኗል እያልን ታሪክ እንፈጥራለን። መርከቡ ሲጠፋ የሚተርፈን የገዛ ራሳችን ሐሳብ ብቻ ነው። የመነኩሴው ፊት አለመታየቱም ለዚሁ ነው። ፊቱን ብናይ ሐዘኑ የእሱ ይሆን ነበር፤ ጀርባው ግን ቦታውን ይለቅልናል።

ፍሪድሪሽ የተወለደው በባልቲክ ባሕር አጠገብ፣ ግራይፍስቫልድ ከተማ ነው። እናቱን በልጅነቱ አጣ፤ በ13 ዓመቱ ደግሞ ወንድሙ ውኃ ውስጥ ሰጠመ። ብዙዎች የሥዕሎቹን ሐዘን ከዚህ ያያይዙታል። እኔ ግን ይህ በቂ አይመስለኝም፤ ወንድም ያልሞተበት ሰውም እዚህ ሸራ ፊት ልቡ ይነካል።

ፍሪድሪሽ ምልክት መጠቀም አያውቅም ማለት ግን አይደለም። በ1808 ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ መስቀል ሥሎ ለመሠዊያ ሲያቀርበው፣ መልክዓ ምድር እንዴት መሠዊያ ላይ ይወጣል ብሎ ራምዶር የተባለ ሐያሲ ክፉኛ ነቀፈው። ፍሪድሪሽም ዐለቱ እምነት፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀው ጥድ ተስፋ መሆኑን ጽፎ አስረዳ። ለመነኩሴው ሥዕል ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም፤ የበለጠ የምወደውም ለዚህ ነው።

የፕሩሲያው ንጉሥ በ1810 ሥዕሉን ገዛው። ከ2013 ጀምሮ በተደረገለት ጥገና የቆየው ቫርኒሽ ተነሥቶ ሰማያዊው ቀለም ተገልጧል። በድሮ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቀው ሰው ሰማዩን ገና አላየውም።