ቅሬና የበጎ አድራጎት ክበብ በደሴና በኮምቦልቻ

በየኮሌጁና በየከተማው የበጎ አድራጎት ክበብ የሚባሉ ማኅበሮች ሲቋቋሙ እናያለን። አባሎቻቸው ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ልብስና ደብተር ያከፋፍላሉ፤ ደም ይለግሳሉ፤ በክረምት ችግኝ ይተክላሉ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ክበቦች ብዙዎቹ መሥራቾቻቸው ተመርቀው በሄዱ ማግስት ይጠፋሉ። በዚያው ሰፈር ግን ማኅተም ይኑረው አይኑረው የማይታወቅ፣ ሰንደቅም ሆነ መፈክር የሌለው ማኅበር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይኖራል። ይኸውም በሌላው አገር ዕድር፣ በወሎ ደግሞ ቅሬ የሚባለው ነው። ጸሐፊው ደሴ ተወልዶ ያደገ እንደመሆኑ ቅሬን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከእናቱ ጋር የእንጀራ መሶብ ተሸክሞ በመሄድ ነው፤ ስለዚህ ለቅሬ ቢያደላ አንባቢ አይፍረድበት።

የቅሬ ሥራ ይህ ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊ ይዞራል ወይም ጥሩምባ ይነፋል። ወንዶች መቃብር ይቆፍራሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ፤ አግዳሚ ወንበር ያመጣሉ። ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፤ ወጥ ይሠራሉ፤ ከየቤታቸውም እንጀራ ይዘው ይመጣሉ። ሐዘንተኛው በእነዚያ ቀኖች ስለ ምግብም ሆነ ስለ እንግዳ እንዳያስብ ይደረጋል። ለዚህ ሁሉ አባል የሆነ ሰው በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥም ይመረጣሉ። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ አርፍዶ የመጣም እንደ ደንቡ ይቀጣል።

በወሎ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በብዙ ቅሬዎች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ናቸው። ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ መቃብር ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ቃሬዛ ይሸከማል። ጸሎቱ የየሃይማኖቱ ስለ ሆነ አንዱ ሲጸልይ ሌላው ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የሥጋ ነገር ሲመጣ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ በዚህም ቅር የሚሰኝ የለም። በሃይማኖት የተለዩ ቅሬዎችም እንዳሉ ግን መካድ አይገባም።

እንግዲህ ቅሬን የበጎ ፈቃድ ማኅበር ብሎ መጥራት ይቻላልን? ጸሐፊው በዚህ ይጠራጠራል። በሕግ ረገድ ማንም አያስገድድም፤ ነገር ግን ከቅሬ የተባረረ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት አያገኝም። በገጠር ይህ ከእስራት የሚከብድ ቅጣት ነው። ስለዚህም የቅሬ ዳኛ የተጣላ ያስታርቃል፤ ድንበር የገፋ ይመልሳል፤ አልታረቅም ያለውን በቅሬው ያስፈራራል። የቅሬ ጥንካሬ የመጣው ከርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገ የእኔ ተራ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። ክበባችን የሚጎድለው ይህ ነው፤ አባሉ ቢቀር የሚያጣው ነገር የለምና።

የአገልግሎት ክበብ የሚባለው ሥርዓት ከሌላ ዐይነት ኑሮ የተወለደ ነው። ሮታሪ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በ1905 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጠበቃው በፖል ሃሪስ አሳቢነት ተቋቋመ፤ ላየንስም በዚያው ከተማ በ1917 ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አባሎች ከልዩ ልዩ ሥራ የመጡ የከተማ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዓላማቸውም በመጀመሪያ መተዋወቅና መረዳዳት ሆኖ ኋላ ወደ ሕዝብ አገልግሎት ተዛወረ። የእነዚህ ክበቦች ኃይል ከሩቅ መሰብሰብ መቻላቸው ነው። በቺካጎ ያለ ሰው ስሙን እንኳ ለማያውቀው ልጅ ያዋጣል። ቅሬ ይህን አያደርግም፤ እንዲያደርግም አልተሠራም።

የዚህ ምሳሌ በእኛው ክልል አለ። አማራ ክልል በትራኮማ በዓለም እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነው። የላየንስ ክበቦች ከካርተር ማዕከልና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ ይህን በሽታ ሲዋጉ ቆይተዋል። ሥራው አራት ክፍል አለው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ዐይን በቀዶ ሕክምና ማቃናት፣ ለሕዝቡ መድኃኒት ማደል፣ ፊትን መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መሥራት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በገንዘብና በሐኪም ይፈጸማሉ፤ ክበቡ ከሩቅ የሚያመጣው ይህን ነው። ልጅን በየጠዋቱ ፊቱን ማጠብና ከጓሮ ጉድጓድ መቆፈር ግን ከሩቅ ሊመጣ አይችልም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ካላሳፈረው አይሆንም። ማሳፈር ደግሞ ቅሬ ከማንም ይልቅ ያውቅበታል።

ቅሬ የሚወድቅበትም ጊዜ አለ። ቅሬ የቆመው ሰው በየተራ ይሞታል በሚል ግምት ላይ ነው። ዛሬ ያንተ ቤት፣ ነገ የእኔ። ሁሉም በአንድ ወር ሲቸገር ግን መዋጮ የሚያመጣ የለም፤ መቃብር የሚቆፍርም ጉልበት ያጣል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ይኸው ነበር። ረሃብተኛው አገሩን ጥሎ ወደ አስፋልቱና ወደ ደሴ ወረደ፤ ሲሞትም የሚቀብረው የማያውቀው ሰው ነበር። በ1977 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ባለችው በባቲ በመጠለያው ያ ሁሉ ሕዝብ ሲሰበሰብ ነገሩ ተደገመ። ለእኛ ለተማሪዎች ሊታወስ የሚገባው በ1965 ዓ.ም. የተደረገው ነው። በዚያ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪዎቹም ከምግባቸው ቀንሰው ለረሃብተኛው አዋጡ። መንግሥት ሊሸፍነው የፈለገውን ነገር የገለጠው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነበር። ይህን ሥራ ቅሬ ሊሠራው አይችልም ነበር።

በቅርቡም በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ በጦርነት የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴን ሲሞላ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የከተማው ሰው ከየቤቱ እንጀራ እያወጣ አበላ። በእኛ ሰፈር ለሐዘን የተገዛው ትልቅ ድስት ለእንግዳ ተጣደ። ጥቂት ሽማግሌዎች የቅሬ ዕቃ ከደንቡ ውጪ አይወጣም ብለው ተከራክረው ነበር፤ ክርክራቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ድስቱ ከተሰበረ ነገ ለሚሞተው ምን ይጣዳል? በመጨረሻ ግን ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ አብልቶ የነበረውም ብዙ ሰው በተራው ተሰደደ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበርን ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ ዓላማ ያለው የሰዎች ስብስብ አድርጎ ይተረጉማል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን ዕድርንና ዕቁብን ከሥልጣኑ ውጪ አድርጓል። ስለዚህ ቅሬ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ጣጣ ነፃ ሆኖ ይኖራል፤ ከበጎ አድራጊ ድርጅት ጋር ውል ልግባ ሲል ግን እንዴት ሆኖ እንደሚፈርም ያስቸግራል።

አሁን ጭንቅ የሆነው ነገር በኮምቦልቻ ይታያል። ደሴ በጦሳ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከዚያ ቁልቁል በ1,850 ሜትር ገደማ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቁና የቢራው ፋብሪካ ቀድሞም ነበሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ለሥራ የሚመጡት ብዙዎቹ ከገጠር የወጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ቅሬ የቤተሰብና የጎጆ ማኅበር ነው፤ መመዝገቢያ ይጠይቃል፤ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ሰው ይፈልጋል። ቤት በየስድስት ወሩ የምትለውጥ ተከራይ እንዴት ትገባበታለች? ከእነዚህ አንዷ ብትሞት ጓደኞቿ ከደመወዛቸው አዋጥተው ሬሳዋን ወደ አገሯ ከመላክ በቀር የሚይዙት ነገር የለም።

የኮሌጅ ክበቦች ደብተር ከማከፋፈል አልፈው እዚህ ቢገቡ ጸሐፊው ይመኛል። ለሠራተኞቹ አዲስ ማኅበር ማቋቋም ግን አያስፈልግም፤ እሱም ከመሥራቾቹ ጋር ይሄዳል። የሰፈሩን የቅሬ ዳኞች ሄዶ ማነጋገር፣ ተከራይ በክፍል እንጂ በቤት የማይመዘገብበት፣ መዋጮውም በየወሩ ብቻ ሆኖ መመዝገቢያው የሚቀርበት አንቀጽ በደንቡ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። መመዝገቢያውን ክበቡ ይክፈል ከተባለ ከአንድ የሙዚቃ ምሽት የሚገኘው ገንዘብ ለብዙ ክፍሎች ይበቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከዳኞቹ እንደሚመጣ ጸሐፊው ያውቃል፤ ሌሊት ተረኛ የሆነች ሠራተኛ ቀብር ብትቀር ትቀጣለች ወይስ አትቀጣም? ጸሐፊው አትቀጣ ባይ ነው፤ ጥሩምባው የተነፋው እሷ ፋብሪካ ሳለች ከሆነ ግን በምትኩ የእንጀራ ተራዋን ታምጣ።