ከነጥብ ወዲያ ያለው ቁጥር

በደብረ ታቦር ገበያ፣ ከጉና ግርጌ የወረደ ድንች ሲሸምት ሚዛኑ አንድ ጊዜ 2.5፣ ሌላ ጊዜ 1.25 ኪሎ ያሳየው ሰው፣ ሁለቱን በቃሉ ደምሮ «3.30» ቢል፣ ስሕተቱ የመነጨው ከነጥብ በስተቀኝ ያለው ራሱን የቻለ ሙሉ ቁጥር ነው፣ ስለዚህም 5 እና 25 ተደምረው 30 ይሆናሉ ከሚለው ከተለመደው ተረት ነው። እውነታው ግን ከነጥብ በኋላ የሚቆም አኃዝ ሁሉ በማዕርጉ የሚዳኝ መሆኑ ነው፤ የፊተኛው 5 ዐምስት አስረኛ ወይም 500 ግራም፣ የኋለኛው 25 ሃያ ዐምስት መቶኛ ወይም 250 ግራም ነውና፣ ድምሩ 3.75 ኪሎ ይሆናል። 2.5ን በልቡናው 2.50 አድርጎ የሚያስብ ሰው ማዕርጉን አስተካከለ እንጂ በክብደቱ ላይ አንዳች አልጨመረም።

ነጥብ ያለበት ሒሳብ የፈረንጅ ጥበብ ስለሆነ ያለ ወረቀትና ያለ ዘመናዊ ትምህርት አይሠራም የሚሉም አሉ። የአስርዮሽን አጻጻፍ በአውሮፓ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1585 መጽሐፉን ያሳተመው ፍላንድራዊው ሲሞን ስቴቪን መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ድጓ በሚመሰከርባት በቤተ ልሔም ዙሪያ የአብነት ትምህርት የቀሰመና ባሕረ ሐሳብን የተማረ ደቀ መዝሙር፣ 60 ኬክሮስ አንድ ዕለት መሆኑን ያውቃልና፣ 40 ኬክሮስና 35 ኬክሮስ ደምር ቢሉት «አንድ ዕለት ከ15 ኬክሮስ» ብሎ ይመልሳል እንጂ ብራና አይፈልግም። ከአስርዮሽ የሚለየው ወደ ላይኛው ማዕርግ የሚሻገረው በ10 ሳይሆን በ60 መሆኑ ብቻ ነው፤ እንዲያውም፣ በእኔ አስተያየት፣ የርሱ ሥራ ይከብዳል። በገንዘብም ቢሆን ብር ለ100 መቶኛ የተከፈለው በ1923 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሳንቲም የሚመነዝር ባለሱቅ ሁሉ፣ ስሙን ባይጠራውም፣ አስርዮሽ ደማሪ ነው።

ድምር ዘወትር ከቀኝ ይጀመራል የሚለው የመምህራን ትእዛዝ ለወረቀት የተገባ ነው፤ አእምሮ ግን ትልቁን አስቀድሞ መያዝ ይቀለዋል። 4.95 ብርና 3.80 ብር የሚደምር ሰው፣ 4.95ን 5 አድርጎ፣ 3.80 ጨምሮ 8.80 ካገኘ በኋላ፣ የተበደረውን 5 ሳንቲም ቢመልስ 8.75 ያገኛል። በቃል የሚያሰላ ሰው ግን ይህን ብድር መመለሱን ሊረሳ ይችላል፤ ስለዚህ ብድሩን ከድምሩ በፊት፣ ማለትም 3.80ን አስቀድሞ 3.75 አድርጎ፣ ከ5 ጋር መደመር ይሻላል።